ሆድ ያለው ዘንባባ

ዋሻ ሜዳ ተወልዶ ስለ አሕመድኑር ሳይሰማ ያደገ ሰው የለም። አሕመድኑር የአባቴ አያት ነው፤ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ከዓባይ በረሃ አንድ ትልቅ ነጭ ድንጋይ በሃያ ሰው ጉልበት አስወጥቶ፣ እንደ ዳቦ ለሁለት ከፈለውና ግማሹን ለሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ደወል አደረገው፤ ግማሹን ደግሞ ለመስጊዳችን ሰጠው፣ ሰው ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ እግሩን የሚታጠብበት ድንጋይ ሆነ። በሁለቱም ላይ ዘንባባ ቀረጸባቸው። ክርስቲያኖቹ የሆሳዕና ዘንባባ ነው ይላሉ፣ እኛ የተምር ቅጠል ነው እንላለን። በዚህ ላይ ተከራክረን አናውቅም፤ ቅጠል መሆኑን ግን የተጠራጠረ አልነበረም።

አባቴ አራጌ የሚኖረው በዚህ ታሪክ ነው። ሠርግ ላይ «የአሕመድኑር ልጅ ወደዚህ» ተብሎ ከፊት ይቀመጣል። እሱም ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ የዋሻ ሜዳ ግንብ ሁሉ የእጁ ሥራ ነው። ግን ግንብ ግንብ ነው፣ ማንም አጠገቡ ቆሞ አያደንቀውም። ዘንባባ የቀረጸ አያት ስላለው ነው አንገቱን ቀና አድርጎ የሚሄደው።

ዘንድሮ መስጊዱ ታደሰ። ቧንቧ ገባ፣ ለውዱእ የሚሆን አዲስ ቦታ በሴራሚክ ተሠራ፤ አሮጌው ድንጋይ ሥራ ፈታ። አባቴ ሼህ ሙህዬን ለምኖ፣ ዘንባባው በአዲሱ የመስጊድ በር ላይ እንዲቆም አስፈቀደ። የበሩን ግንብ ራሱ ሠራ፣ ለዘንባባው ልክ አንድ ክንድ የሚሆን ቦታ ተወለት፣ ከሥሩም «አሕመድኑር ቀረጸው» የሚል ድንጋይ አስገባ። አባቴ ማንበብ አይችልም። ፊደሉን በጠመኔ የጻፍኩለት እኔ ነኝ፤ እሱ በመሮ ተከትሎ ጠረበው። ለእያንዳንዱ ፊደል ግማሽ ቀን ፈጀበት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ድንጋዩ ከአንድ ክንድ ይረዝማል። ዘንባባው ያለበት በኩል ደጅ ነው፤ ሌላው ጫፍ ግን የውሃ እንስራ ከሚቀመጥበት መደብ ሥር ተቀብሯል። እዚያ ጋ ያልተጠረበ ሻካራ ድንጋይ ነው ሲባል ነው የኖረው። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ምንይችል የሚባል በያጅ ከመካነ ሰላም ጄኔሬተርና ግራይንደር ይዞ መጥቶ፣ ድንጋዩን ከመደቡ አፍ ላይ ሊቆርጠው ተቀጠረ።

እኔ ረቡዕ ዕለት ባልመጣ ኖሮ ይቆረጥ ነበር።

ዘሊካ እባላለሁ። ከኩዌት የተመለስኩት አምና ነው። ዘጠኝ ዓመት ነው የቆየሁት፤ ዘጠኙንም ዓመት ዓሣ ስጠርግ። የነበርኩበት ቤት ሰዎች ዓሣ ወዳድ ነበሩ፤ ዙበይዲ፣ ሃሙር፣ ስሙን የማላውቀው ሁሉ በየቀኑ ይመጣል። ማዳም አንዲት እሾህ ጉሮሮዋን ከነካቻት ቤቱ ይገለበጣል። ስለዚህ እጄ ዓሣን ከዓይኔ ይልቅ ያውቀዋል። ጨለማ ውስጥ ስጡኝ፣ አጥንቱን አንድ በአንድ አወጣዋለሁ። ይሄን ሙያ ይዤ ዓሣ ወደማይበላበት አገር ተመለስኩ። አሁን መካነ ሰላም መናኸሪያው ጋ ሻይና ሳምቡሳ እሸጣለሁ። አባቴ ሰው ሲጠይቀው «ልጄ ኩዌት ምግብ አብሳይ ነበረች» ይላል፤ ዓሣ የሚለውን ቃል አያነሳም።

ረቡዕ ሥራ የለኝም፤ ምሳውን ይዤለት መስጊድ ሄድኩ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። አባቴ ድንጋዩን በጀሪካን ውሃ አጥቦ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ድንጋዩን በጎን ትመታዋለች፤ ዘንባባው በድንጋዩ ውስጥ ጎድጉዶ ነው ያለው፣ ውሃው ጎድጎዳው ውስጥ ቀርቶ እያንዳንዱ መስመር ያበራል። ይሄን ድንጋይ ከልጅነቴ ጀምሮ ሺ ጊዜ አይቼዋለሁ። ያኔ ግን ዓሣ አላውቅም ነበር።

ሳህኑን ሳላስቀምጥ ቁጢጥ አልኩ። የመሐሉ አከርካሪ ያው። ወደ ላይ አጫጭር እሾሆች፣ ወደ ታች ረጃጅም የጎን አጥንቶች፣ እነሱም እስከ ግማሽ ይሄዱና ያቆማሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ያጥራል፣ ይቀጥናል፣ መጨረሻው ላይ ለሁለት ተከፍሎ ይበተናል። ጣቴ ሳላዝዘው በጎድጎዳው ሄደ። ከጅራቱ ሲቆጠር ሰባተኛው አጥንት ተሰብሮ ወደ ኋላ ታጥፏል።

«አብዬ» አልኩት፣ «ይሄ ዓሣ ነው።»

«ምኑ?»

«ዘንባባው። ዓሣ ነው። ይኸው ጅራቱ፣ ይኸው ሆዱ።»

አባቴ እጁን ታጥቦ ሳህኑን ተቀበለኝ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም አዘነልኝ። «ዘጠኝ ዓመት ዓሣ ስትፈቀፍቂ ኖረሽ ሁሉ ነገር ዓሣ መሰለሽ» አለኝ።

እኔ ደግሞ ስቆጣ ቶሎ ነው። «ዘንባባ ሆድ አለው እንዴ? እስቲ ሆድ ያለው ዘንባባ አሳየኝ!»

«አያቴ እንደፈለገ ነው የቀረጸው። ሆድ ሊሠራለት ከፈለገ ሠራለት።»

ስልኬን አውጥቼ ከአራት በኩል ፎቶ አነሳሁት፤ ኔትወርክ የሚይዘው ከመስጊዱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ስለሆነ ወደዚያ ሮጥኩ። ነጠላዬ እሾህ ላይ ቀረ፣ ተመልሼ አላነሳሁትም።

ያሰብኩት ለዶክተር ሄለን ልልከው ነው። ሄለን የዩኒቨርሲቲ መምህር ናት፤ ድንጋይ ነው የምታጠናው። ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ እኔ ጋ ሻይ ጠጥታለች። «ድንጋይ ለማየት ይሄን ሁሉ መንገድ መጣሽ? ከደጅሽ የለም ወይ?» ብዬ ቀልጄባት ስቃ፣ ስልክ ቁጥሯን ሰጥታኝ ነበር፤ ድንጋይ ላይ ሕይወት የነበረው የሚመስል ነገር ካየሽ ደውይልኝ ብላ። ፎቶውን በቴሌግራም ላክሁላት። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ደወለች።

«ዘሊካ፣ የት ነሽ? ድንጋዩ የት ነው? እንዳትንቀሳቀሺ!»

«እኔማ ጉብታ ላይ ነኝ። ድንጋዩ መቶ ዓመት አልተንቀሳቀሰም።»

«ዓሣ ነው» አለች። «ዓሣ ነው ዘሊካ! በትክክል አይተሻል።»

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «በትክክል አይተሻል» ያለኝ ሰው ከነበረ ስንት ጊዜ እንደሆነው እንጃ።

ነገሩን አስረዳችኝ። ይሄ አገር ባሕር ነበር አለች፤ ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ይሆነዋል። ክሪቴሸስ የሚሉት ዘመን ነው ወይስ ትንሽ የቀደመው፣ ድንጋዩን በእጄ ሳልይዝ አልናገርም አለች። ዓሣው ሞቶ ወደ ባሕሩ ወለል ወርዷል፤ ደለል ለብሷል፤ ደለሉ ድንጋይ ሆኗል። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ ከመሬት የወጣ እሳተ ገሞራ በላዩ ፈስሶ የኛ ጥቁር ድንጋይ ሆነ። ዓባይ ቆርጦ ቆርጦ ነጩን ከሥር ገለጠው።

«ታዲያ እኛ የምንኖረው ባሕር ጣሪያ ላይ ነው?» አልኳት።

«ጣሪያው ላይ ነው። ዘሊካ፣ ጭንቅላቱ የታለ? ዓሣው ማን እንደሆነ የሚለየው በጭንቅላቱ ነው። ያለሱ ዓሣ መሆኑን እንጂ የትኛው ዘር እንደሆነ አላውቅም። ማንም አይቶት የማያውቅ ሊሆን ይችላል።»

ጭንቅላቱ። ከመደቡ ሥር ነው ያለው፤ ያ «ሻካራ» የተባለው። ነገ ጠዋት ግራይንደሩ የሚያልፍበት ደግሞ ልክ አንገቱ ላይ ነው።

«ነገ ሊቆረጥ ነው» አልኳት።

እየለመነችኝ «እባክሽ እንዳይቆረጥ። ወረኢሉ ነኝ፣ መኪናችን ተበላሽቷል፤ ቅዳሜ እደርሳለሁ። እስከ ቅዳሜ ያዢልኝ» አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ቁልቁል አየሁ። አባቴ ድንጋዩን እንደገና በውሃ ያጥባል፤ ከአጠገቡ በሩ ላይ «አሕመድኑር ቀረጸው» የሚለው ፊደል ይታያል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዓሣ ከሆነ አሕመድኑር ምንም አልቀረጸም። አባቴም ምንም ያልቀረጸ ሰው የልጅ ልጅ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ዝም ልበል ብዬ አሰብኩ። ግን አልቻልኩም፤ ደስታው ራሱ አላስቀምጥ አለኝ። ቢያንስ እርግጠኛ ልሁን ብዬ ወደ ሚካኤል ሄድኩ።

ደወሉ ከቅጥሩ ውስጥ ወይራ ላይ በጠፍር ተንጠልጥሏል። ቄስ ቸኮል ዛፉ ሥር ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ከአባቴ ጋር አብረው ያደጉ ናቸው፤ ሰላምታቸውም እንደኛው ነው።

«እንደምን ዋሉ ቄስ ቸኮል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ዘሊካ። ምን እግር ጣለሽ?»

«ደወሉን ልንካው?»

«መርሐባ። እንዳትመቺው ብቻ፣ ሰው ቅዳሴ መስሎት ይመጣል።»

ነካሁት። እኛ ጋ ጎድጉዶ ያለው እዚህ አብጦ ወጥቷል፤ እኛ ጋ ወደ ግራ የዞረው እዚህ ወደ ቀኝ ዞሯል። ከጅራቱ ጀምሬ ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰባተኛው ላይ ስደርስ አጥንቱ ተሰብሮ ወደ ኋላ ታጥፏል። እጄን አንስቼ እንደገና ቆጠርኩ። ሰባተኛው ነው። አንድ ሰው አንዱን ስብራት ሁለት ድንጋይ ላይ፣ አንዴ አጎድጉዶ አንዴ አሳብጦ፣ አይቀርጽም። ይሄ አንድ ዓሣ ነው፤ ድንጋዩ ሲከፈል አጥንቱ በአንደኛው ቀረ፣ ማረፊያው በሌላኛው ቀረ።

ከዚያ ወደ ላይ አየሁ። ጠፍሩ የገባበት ቀዳዳ ያለው ጭንቅላቱ ላይ ነው። በቀዳዳው ዙሪያ ክብ አጥንት አለ፤ ግማሹ በመሮ ሄዷል፣ ግማሹ ቀርቷል፤ የቀረው ጭንቅላት በመቶ ዓመት ምት ተፋፍቆ ጠፍቷል። ቀዳዳው የተበሳው ዓይኑ ላይ ነው።

ለቄሱ ሁሉንም አንድ በአንድ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «እንግዲህ መቶ ዓመት ሙሉ ዓሣ እየደበደብን ነው ሰው የጠራነው?» አሉና ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሲያበቁ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ለአባትሽ ማን ሊነግረው ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«አብሽሪ» አሉኝ፤ ግን የሚያበሽር ፊት አልነበራቸውም።

አባቴ ከቤት ደጅ ተቀምጦ መሮውን ይስላል። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አጠገቡ ተቀምጬ ስለ ሰባተኛው አጥንት ነገርኩት፤ እኛ ጋ እንደተጎደጎደ፣ ሚካኤል ጋ እንዳበጠ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። አባቴ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ሌላው ሰው የማይገባው ለሱ ይገባዋል። መሮው ቆመ።

«ነገ ይቆረጣል» አለ።

«አብዬ፣ ገብቶሃል እኮ።»

«ነገ ይቆረጣል አልኩሽ።» ተነስቶ ገባ። ነገሩ ገብቶት ነበር፤ ያስቸኮለውም ስለገባው ነው።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ መስጊድ ደረስኩ፤ ድንጋዩ ላይ ወጥቼ ቁጭ አልኩ። ምንይችል ጄኔሬተሩን በአህያ አስጭኖ መጣ። አየኝና «እህቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ» አለ።

«አልልም።»

«አቧራ አለው እኮ።»

«ይኑረው። ከቆረጥክ ከኔ ጋ ነው የምትቆርጠው።»

ምስኪኑ ሰውዬ ግራይንደሩን አስቀምጦ ሲጋራ ፍለጋ ኪሱን ዳሰሰ፤ መስጊድ መሆኑ ትዝ አለውና ተወው። አባቴ መጣ። ሰው ተሰበሰበ። አባቴ «ውረጂ» አለኝ፤ አልወረድኩም። በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ አባቴን እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ነው።

ሼህ ሙህዬ ከዘራቸውን ይዘው ደረሱ። «ምንድን ነው ነገሩ?»

ነገርኳቸው። ጎንበስ ብለው በጣታቸው መስመሩን ተከተሉ፣ ጅራቱ ላይ ሲደርሱ «ሱብሐነላህ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ አባቴ ዞሩ። እኔ ያላሰብኩትን ነገር ያመጡት ያኔ ነው።

«አራጌ፣ ስማኝ። ቅጠል ከሆነ ችግር የለም፣ ቅጠል ነፍስ የለውም። ዓሣ ከሆነ ግን ነፍስ ያለው ፍጡር ነው። ነፍስ ያለውን ነገር ሰው ከቀረጸው ሥዕል ነው፤ ሥዕል መስጊድ በር ላይ አላቆምም። ሰው ካልቀረጸው ደግሞ ሥዕል አይባልም፤ ጀሊሉ የፈጠረው ራሱ ፍጡሩ ነው፣ በር ላይ ቢቆም ማስታወሻ ነው። እና ንገረኝ፤ አያትህ ቀርጾታል ወይስ አልቀረጸውም?»

ቀረጸው ካለ ድንጋዩ ከበሩ ይቀራል። አልቀረጸውም ካለ ስሙ ከበሩ ይቀራል። አባቴ ምን ብሎ ይመልስ?

«ዘንባባ ነው» አለ አባቴ። «ለዚህ ምን ሸሪዓ ያስፈልገዋል፤ ዘንባባ ነው።»

«ዘንባባ ከሆነ ጭንቅላት የለውም» አሉ ሼህ ሙህዬ። «ቆፍረን እንይ።»

አባቴ ድጅኖውን ከሰው እጅ ነጠቀ። «እኔ ነኝ የምቆፍረው» አለ።

መደቡን በአንድ ሰዓት አፈረሰው። ላብ በጀርባው ይወርዳል፣ ሰው ላግዝህ ሲለው አይሰማም። የላይኛው ድንጋይ ተነሳ፣ ጭቃው ተነሳ፣ ከዚያ በእጁ አፈሩን ጠረገ። የመጣው አፈር ግን ተራ አፈር አልነበረም። የተነፋ፣ ደቃቅ፣ አንድ ጠጠር የሌለው አመድ ነው፤ ሰው አስቦ ያለበሰው። አባቴ አመዱን በጣቶቹ አሽቶ አየው፤ እጁ ከዚያ በኋላ ቀስ አለ።

ጀሪካኑን አነሳሁና ውሃውን አፈሰስኩት።

ነጭ ውሃ ወረደ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ ወረደ። መንጋጋ ወጣ፤ እንደ ሰሊጥ የደቀቁ ጥርሶች የተሰኩበት ማረፊያ፤ ከጎኑ የራስ ቅል ሳህን፤ ከዚያ ክቡ። ዓይኑ። ከመሬት ሆኖ ያየናል።

«አላሁ አክበር» አለ ከኋላዬ አንድ ሰው። ምንይችል ከነጫማው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ «እናቴ ትሙት ዓሣ ነው» ይላል። እኔ አልቅሼ ይሁን ስቄ አላውቅም፤ ሁለቱንም ሳይሆን አይቀርም። ይሄን ፊት ከኔ በፊት ያየው ሰው የለም ብዬ አሰብኩ፤ መቶ ሚሊዮን ዓመት፣ እና የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።

ተሳስቼ ነበር።

አባቴ ዓይኑን አላየም። እጁ ከዓይኑ ጠርዝ ላይ ቆሟል። እዚያ ሦስት ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ፤ እኔ ዝም ብዬ አልፌያቸው ነበር። አባቴ ጣቱን አንደኛው ላይ አሳረፈ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው።

«መሮ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሹል መሮ። በግራ እጁ ነው የመታው፤ አሕመድኑር ግራኝ ነበር።»

ሼህ ሙህዬ ተጠጉ። «ምን ሊያደርግ?»

«ዓይኑን ሊያጠፋው። መስጊድ ሊያስገባው ነውና፣ ሥዕል እንዳይባል ዓይኑን ሊያጠፋው ጀመረ።» አባቴ ሦስቱን ጉድጓዶች እንደገና ዳሰሳቸው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት መታ። ሦስተኛው ገና የድንጋዩን ቆዳ ነው የነካው፤ እጁን ሰብስቦታል። አልቻለም። ከዚያ አመድ ነፍቶ አለበሰውና በላዩ መደብ ሠራ።»

የሚካኤል ቀዳዳ ትዝ አለኝ። እዚያ ደወሉ መበሳት ነበረበት፤ በሳው፣ ዓይኑንም ወሰደው። ምናልባት የመጀመሪያው ስለቆጨው ነው ሁለተኛውን የተወው። ይሄን የሚያውቅ የለም፣ እኔ ግን እንዲያ ነው የማስበው።

«ያውቅ ነበር» አለ አባቴ። «ያውቅ ነበር። ሰዉ ዘንባባ ቀረጽክ ሲለው ዝም አለ። ዓሣ ነው ቢል ድንጋዩን ከዚህ ያወጡታል፤ ወይ ዓይኑን ያጠፉታል።»

ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ ቀና ብሎ ቆመ። ጉልበቱ በአመድ ነጥቷል። መንደሩ ሁሉ ይሰማ ነበር፤ ቄስ ቸኮልም ወሬው ደርሷቸው ከአጥሩ ማዶ ቆመዋል። አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለሼሁ ሳይሆን ለሁሉም፣ «አያቴ አልቀረጸውም» አለ።

ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለማውጣት ምን እንደከፈለ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሄጄ እጁን ልይዘው ፈለግሁ፣ ግን ወዲያው ወደ ምንይችል ዞሮ «ያን ማሽንህን ጫን» አለው።

ሄለን ቅዳሜ ደረሰች። ከመኪናው ወርዳ ሰላም ሳትለን ድንጋዩ አጠገብ በሆዷ ተኛች፤ አፍንጫዋ ዓሣውን ሊነካ ምንም አልቀረው። በአጉሊ መነጽር አየች፣ ለካች፣ ተነስታ ተመልሳ ተኛች። «ክሪቴሸስ ይመስለኛል» አለች መጨረሻ ላይ፤ «ግን ይመስለኛል ነው ያልኩት። ይሄን መንጋጋ አላውቀውም። እንዲህ ያለ መንጋጋ አይቼ አላውቅም!» ድንጋዩን ልውሰድ አላለችም። እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ነገር አፍስሳበት ቅርጹን አነሳች፤ የደወሉንም እንዲሁ፣ ቄስ ቸኮል መሰላሉን ይዘውላት። ሁለቱን ስታጋጥማቸው ልክ በልክ ገጠሙ። ቄሱና ሼሁ ተያይተው ሳቁ።

ድንጋዩ ሳይቆረጥ በሩ ላይ ቆመ። አባቴ ያን ያህል የደከመበትን ግንብ አፍርሶ፣ ለጭንቅላቱም ቦታ ሰጠው።

ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ብቻ ሳይስተካከል ቀረ። ማክሰኞ ዕለት አባቴ መሮውን ይዞ «ቀረጸው» የሚለውን አንድ በአንድ ጠርቦ አጠፋው። አሕመድኑር የሚለው ብቻውን ቀረ። ከዚያ ጠመኔውን ዘረጋልኝ።

«ምን ልጻፍ?»

«‹አየው› በይ።»

ጻፍኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ጠረበው፤ አጠገቡ ተቀምጬ ውሃ አቀብለው ነበር። ሲጨርስ ጠመኔውን እንደገና ሰጠኝ።

«ከሥሩ የአንቺን ስም ጻፊ» አለ።

«የምን የኔን? አብዬ፣ እኔ ድንጋይ ጠርቤ አላውቅም።»

«እሱም አልጠረበውም።»

ስሜን ድንጋይ ላይ ጽፌ አላውቅም፤ «ዘ» ጠማማ ሆና ወጣች፣ እግሯ ወደ ግራ ሸሸ። ላጥፋው ብዬ እጄን ስሰድ አባቴ ያዘኝ። መሮውን አስጠግቶ፣ ጠማማዋን «ዘ» እንደጻፍኳት፣ ከነጠማማነቷ መጥረብ ጀመረ።